በእጅ የተለቀቀችው ስፑትኒክ፦ የሬዲዮ አማተሮች የጠፈርን ታሪክ እንዴት ይዘክራሉ?

ኖቬምበር 3 ቀን 1997 ሁለት የሩሲያ ጠፈርተኞች፣ አናቶሊ ሶሎቪዮቭና ፓቬል ቪኖግራዶቭ፣ ከሚር የጠፈር ጣቢያ ወደ ውጭ ወጡ። ከያዟቸው ዕቃዎች አንዷ ከእግር ኳስ ትንሽ የምታንስ፣ የምታብለጨልጭ ሉል ነበረች፤ አራት ቀጫጭን አንቴናዎቿ እንደ ድመት ጢም ወደ ኋላ ተዘርግተዋል። ሮኬት አልተተኮሰላትም፤ ቆጠራም አልተቆጠረላትም። በጓንት እጅ ገፋ ተደርጋ ተለቀቀች፣ በቃ። ከዚያ በኋላ በምድር ዙሪያ በየቤታቸውና በየትምህርት ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ሬዲዮናቸውን 145.82 ሜጋኸርዝ አካባቢ አድርገው ድምፅዋን ያዙት፦ ቢፕ… ቢፕ… ቢፕ…

ኳሷ የተሠራችው የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ ስፑትኒክ 1ን፣ አስመስሎ ነው፤ መጠኗ የእናቷ ሲሶ ነበር። የተለቀቀችውም ስፑትኒክ 1 በወጣች በ40 ዓመቷ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አካሏን በሩሲያዋ ናልቺክ ከተማ ያሉ ተማሪዎች ሠሩ፤ ማሰራጫዋን ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው የፈረንሳይ ደሴት በሬዩኒዮን ያሉ ተማሪዎች። የሁለቱም አገር የሬዲዮ አማተሮች ከጎናቸው ነበሩ።

ስለዚህች ኳስ ባሰብኩ ቁጥር የሚደንቀኝ የአዘካከሩ መንገድ ነው። ታላቅ ቀን ሲታሰብ ሐውልት ይቆማል፣ ቴምብር ይታተማል፣ ንግግር ይደረጋል። የሬዲዮ አማተሮች ያንን ቀን የሚያስቡት ያኔ የተሠራውን ሥራ እንደገና በመሥራት ነው። ምልክት ከላይ ይመጣል፤ ከታች ሰው ያደምጣል፤ የሰማውን መዝግቦ ይልካል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 1957 መመለስ ያስፈልጋል። በቅድሚያ ግን ሰዎቹን እንወቃቸው።

ሐሞቹ እነማን ናቸው?

አማተር ሬዲዮ ማለት ደመወዝና ትርፍ ሳይታሰብ በግል ጣቢያ ከሌላ ሰው ጋር በሬዲዮ ሞገድ መነጋገር፣ መሞከርና መማር ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን «ሐም» እያሉ ይጠራሉ። «አማተር» ሲባል ብዙዎቻችን ለማጅ ወይም ያልበሰለ ሰው እናስባለን፤ የቃሉ የላቲን ሥር ግን ፍቅር ነው፣ እዚህም የሚስማማው እሱ ነው። ከመካከላቸው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው አለ፤ ጡረታ የወጣ መካኒክ አለ፤ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለ። በሞገድ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው።

ለማሰራጨት ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ከፈቃዱ ጋር የጥሪ ምልክት ይሰጣል፤ ይህ እንደ መኪና ሰሌዳ ያለ፣ በዓለም ላይ የማይደገም መለያ ነው። መነሻ ፊደሎቹ አገርን ይናገራሉ። በኢ-ቲ የሚጀምር ምልክት የሰማ ጃፓናዊ ሐም ጣቢያው ኢትዮጵያ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ንግድ መነገድ፣ ማስታወቂያና ሙዚቃ ማስተላለፍ፣ በምስጢር ኮድ ማውራት ክልክል ነው፤ የሚባለው ሁሉ ማንም ሊሰማው በሚችል መንገድ ይባላል።

የመታሰቢያ ቀን ሲደርስ ብዙ አገሮች ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ልዩ የጥሪ ምልክት ይፈቅዳሉ። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የሚሰጠው በጣም አጭር ነው፦ አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፊደል። እንግሊዝ አገር ደግሞ በጂ-ቢ ይጀምራል። ሐሞች እንዲህ ያለ እንግዳ ምልክት ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል፤ «የዛሬው በዓል ምንድን ነው?» ብለው ይጠጋሉ።

ንግግሩ ራሱ አጭር ነው። የመታሰቢያው ጣቢያ «ሲ-ኪው፣ ሲ-ኪው» እያለ ይጣራል፤ የሚሰማኝ ሁሉ ይምጣ ማለት ነው። የሰማው ሰው የራሱን ምልክት ብቻ ይናገራል። በአንድ ጊዜ ሠላሳ አርባ ሰው ሊመልስ ይችላል፣ እንደ ገበያ ጫጫታ። ባለጣቢያው ከዚያ ጫጫታ አንዱን ነጥሎ ምልክቱን ይደግምለትና «59» ይለዋል። አምስቱ «ንግግርህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል»፣ ዘጠኙ «ኃይልህም ብርቱ ነው» ማለት ነው። ያኛው በተራው የእሱን ይመልሳል። ሁለቱም ቀኑን፣ በግሪንዊች አቆጣጠር ሰዓቱንና የተገናኙበትን ሞገድ በየመዝገባቸው ይጽፋሉ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በፖስታ አንድ ካርድ ይደርሳል፤ ፊቱ ላይ የሚታሰበው ሮኬት ወይም ጠፈርተኛ፣ ጀርባው ላይ የሁለቱ ጣቢያዎች ምልክት፣ ቀኑና ደቂቃው። ዛሬ ዛሬ በኢሜይል መላላኩ በዝቷል፤ በካርቶን ሙሉ የወረቀት ካርድ የሚያስቀምጡ ግን አሁንም አሉ።

ትልቅ በዓል ሲሆን ነገሩ ይሰፋል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2018 60 ዓመት ሲሞላው፣ በየማዕከሎቹ ያሉ የሠራተኞች የሬዲዮ ክበቦች ከዲሴምበር 2017 እስከ ዲሴምበር 2018 «ናሳ በሞገድ ላይ» በሚል ስያሜ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም ሐሞች ጋር ሲገናኙ ከርመዋል። ቀን ቀን የመንኮራኩር ሥራ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ማይክሮፎን ይዘው «59» ሲሉ ማለት ነው።

የ1 ዋት ድምፅ

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 በእኛ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ሲል ካዛኽስታን ውስጥ ካለው የሶቪየት መተኮሻ አንድ ሮኬት ተነሳ። ጫፉ ላይ 83.6 ኪሎ የምትመዝን፣ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሉል ነበረች። ምድርን በ96 ደቂቃ ትዞር ጀመር። በሆዷ ውስጥ ባትሪና የሬዲዮ ማሰራጫ ነው የነበረው። የማሰራጫው ኃይል 1 ዋት ነበር፤ ከትንሽ የእጅ ባትሪ መብራት የማይበልጥ።

ሶቪየቶች ይህችን 1 ዋት የት ላይ እንደሚያሰሟት በደንብ አስበውበታል። ሁለት ፍሪኩዌንሲ መረጡ፦ 20.005 እና 40.002 ሜጋኸርዝ። ማታ ማታ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ቁልፍ እያሽከረከረ፣ በሹሹታው መካከል የአማርኛ ዝግጅት ሲፈልግ የኖረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። 20 ሜጋኸርዝ እዚያው አጭር ሞገድ ውስጥ ነው። ልዩ የጦር ሠራዊት መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደህና የአጭር ሞገድ መቀበያ ያለው ሰው ሊሰማው ይችላል። ሌላም ጥቅም ነበረው። ከምድር በላይ ያለው፣ አጭር ሞገድን እንደ መስታወት የሚመልሰው የአየር ንብርብር 20ውን ሜጋኸርዝ በብርቱ ያጣምመዋል፣ 40ውን ግን በጥቂቱ፤ ሁለቱን ማወዳደር ስለዚያ ንብርብር ያስተምራል።

ከዚያም በላይ «ራዲዮ» የተባለው የሶቪየት መጽሔት ሳተላይቷ ከመውጣቷ ወራት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ1957፣ አማተሮች ምን ዓይነት መቀበያ እንደሚያስፈልጋቸውና እንዴት እንደሚያደምጡ ጽፎ ነበር። ዓለም ሁሉ በድንጋጤ የሰማው ነገር ለሬዲዮ አማተሮች አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር ማለት ነው። አሜሪካኖች ሳተላይት ለመከታተል ያዘጋጁት የጣቢያዎች መረብ ደግሞ ለ108 ሜጋኸርዝ የተሠራ ነበር፤ በ20 እና በ40 ላይ የመጣችውን ስፑትኒክ ለመስማት በጥድፊያ መስተካከል ነበረበት። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ዝግጁ ጆሮ የነበራቸው ሐሞች ናቸው። በየከተማው ቴፕ መቅጃ ከሬዲዮናቸው ጋር አገናኝተው ድምፁን ያዙ፤ የሰሙበትን ደቂቃ ጻፉ።

ያቺ «ቢፕ» ባዶ ድምፅ አልነበረችም። እያንዳንዷ ከሰከንድ ሲሶ ትንሽ ታንሳለች። በሉሏ ውስጥ ያለው ሙቀት ወይም የአየር ግፊት ከተወሰነለት መጠን ቢወጣ የቢፗ ርዝመት እንዲለወጥ ተደርጋ ተሠርታለች። ሰዓት ይዞ በጥንቃቄ ያደመጠ ሰው ሳተላይቷ ደህና መሆኗን ከቤቱ ሊያውቅ ይችል ነበር።

ሌላም ነገር ይሰማ ነበር። አምቡላንስ ሳይረን እያሰማ ወደኛ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ ካለፈን በኋላ ይወፍራል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። ሳተላይቷ ስትቀርብ ፍሪኩዌንሲዋ ትንሽ ከፍ፣ ስትርቅ ትንሽ ዝቅ ይላል። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ፣ ይህን ለውጥ ብቻ ለክተው የሳተላይቷን መንገድ አሰሉ። ከዚያ የመጣው ጥያቄ ተገላቢጦሽ ነበር፦ የሳተላይቷ ቦታ ከታወቀ የአድማጩን ቦታ ማወቅ አይቻልምን? ይቻላል። ትራንዚት የተባለው የመርከብ መምሪያ የሳተላይት ሥርዓት ከዚህ ተወለደ፣ ጂፒኤስም የእሱ ተከታይ ነው። ዛሬ ስልካችንን ከፍተን «ታክሲው የት ደረሰ?» የምንለው ከዚያች ቢፕ ጀምሮ በመጣ መንገድ ላይ ቆመን ነው።

ባትሪዋ ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ አለቀ። ሳተላይቷም ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ወደ ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች።

ሙቀቱን በድምፅ መናገር

ከአራት ዓመት ጥቂት ወራት በኋላ ሐሞች የራሳቸውን ሳተላይት አወጡ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በግል ጊዜያቸው የሠሯት ኦስካር 1 ክብደቷ 4.5 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ዲሴምበር 12 ቀን 1961 በአንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ሮኬት ላይ፣ ለሚዛን ተብሎ ይጫን የነበረ ክብደት ቦታውን ለቆላት ወጣች። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሞርስ፣ ፊደልን በነጥብና በሰረዝ በሚናገረው ኮድ፣ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ። ይህ በሐሞች ቋንቋ ሳቅም ሰላምታም ነው። ፍጥነቱ ግን በውስጧ ባለው ሙቀት ይወሰን ነበር፤ ነጥቦቹን በሰዓት የቆጠረ ሰው ሳተላይቷ ምን ያህል እንደሞቀች ያውቃል። ከ28 አገሮች ከ570 የሚበልጡ አማተሮች የሰሙትን ጽፈው ላኩ።

እንግዲህ የናልቺክና የሬዩኒዮን ተማሪዎች ኳስም የዚሁ ዘር ናት። የእሷ ቢፕ ቅላፄው ነበር የሚለወጠው፤ ሙቀቷ ሲለወጥ ድምፅዋም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ፀሐይ ላይ ስትወጣና ወደ ምድር ጥላ ስትገባ ልዩነቱ በጆሮ ይለያል። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ሰላሳ ተማሪዎች ፊት ሬዲዮ አስቀምጦ «አሁን ሞቃለች ወይስ ቀዝቅዛለች?» ብሎ መጠየቅ ቻለ። ስለ ስፑትኒክ ከሚነገር የአንድ ሰዓት ትምህርት ይልቅ ይህ አንድ ጥያቄ ይበልጥ የሚገባ ይመስለኛል። ባትሪዋ እስኪያልቅ፣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ድረስ፣ ድምፅዋ ይሰማ ነበር።

የዩሪ ጋጋሪን 50ኛ ዓመትም በእጅ በተለቀቀች ሳተላይት ተዘክሯል። ጋጋሪን ኤፕሪል 12 ቀን 1961፣ በእኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ለ108 ደቂቃ ሲበር በሬዲዮ የሚጠራበት ስም «ኬድር» ነበር። ቃሉ ሩሲያኛ ሲሆን የዛፍ ስም ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ ከሚለው ዛፍ ጋር የሚዛመድ። አማተሮች በ2011 ለበዓሉ የሠሯትን ሳተላይት አሪስሳት 1 ቢሏትም ሩሲያውያኑ «ኬድር» የሚል ስም አወጡላት። በበዓሉ ሰሞን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ እንዳለች ተከፍታ ተሰማች፤ ኦገስት 3 ደግሞ ጠፈርተኞች ይዘዋት ወጡ። በሚለቋት ሰዓት ከአንቴናዎቿ አንዱ በቦታው እንደሌለ ታየና ሥራው ቆመ። ምድር ላይ ያሉት ተመካከሩ፤ ከሰዓታት በኋላ እንደሆነች ትለቀቅ ተባለ። በቀረላት አንቴና በ145.95 ሜጋኸርዝ በተለያዩ ቋንቋዎች የተቀዳ ሰላምታና በካሜራዎቿ ያነሳችውን ፎቶ ትልክ ነበር። የወደቀችው ጃንዋሪ 4 ቀን 2012 ነው፤ የመጀመሪያዋ ስፑትኒክ በወደቀችበት ዕለት፣ ከ54 ዓመት በኋላ።

ጨረቃን መነካካት

የአፖሎ 11 ጉዞ መታሰቢያ ሲመጣ ሐሞች የሚያነሱት አንድ የኬንታኪ ሰው አለ። ላሪ ቤይሲንገር በሉዊቪል ከተማ ይኖር ነበር። በጁላይ 1969 ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ሲራመዱ፣ ሁላችንም እንደምናውቀው ዓለም በቴሌቪዥን ተከተላቸው። ቤይሲንገር ግን ከቤቱ ጓሮ በቀጥታ ሊሰማቸው ፈለገ። የዶሮ ቤት የሚታጠርበትን ሽቦ ወጥሮ ትልቅ አንቴና ሠራ፤ ጨረቃን በዓይኑ እያየ በእጁ ያዞረው ነበር። ያደመጠው የጠፈርተኞቹን 259.7 ሜጋኸርዝ ነው።

ሰማቸው። ድምፃቸው በቴሌቪዥን ከሚመጣው ጥቂት ሰከንዶች ቀድሞ ይደርሰው ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በናሳ ጣቢያዎች በኩል ዞሮ ስለሚመጣ። ከናሳ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ከሂውስተን፣ የሚላከውን ንግግር ደግሞ አልሰማም። ምክንያቱም ሂውስተን ወደ ላይ የሚናገረው በሌላ፣ እጅግ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ነበር። የሁለት ሰዎችን ንግግር ግማሹን ብቻ መስማት እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል፤ ለእኔ ግን የሰማው ከጨረቃ ለመሆኑ ከዚህ የጠነከረ ምልክት የለም። የከተማዋ ጋዜጣ በዚያው ወር ታሪኩን አወጣው። ሰው ጨረቃ ላይ አልደረሰም የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር የዚህ ሰው የሽቦ አንቴና መነሳት አለበት፤ ናሳ ያላዘዘው፣ ናሳ የማያውቀው ጆሮ ነበርና።

ከጨረቃ ላይ ድምፅ መስማት ብቻ አይደለም፤ ጨረቃን እንደ ግድግዳ ተጠቅሞ ድምፅን አንጥሮ መመለስም ይቻላል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ጃንዋሪ 10 ቀን 1946 በኒው ጀርሲ ይህን አድርገዋል። ሐሞች በጁላይ 1960 ማሳቹሴትስና ካሊፎርኒያ ባሉ ሁለት ጣቢያዎች መካከል በጨረቃ በኩል ተነጋገሩ። ምልክቱ ሄዶ ለመመለስ 2.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። «ሃሎ» ብለህ ዝም ስትል፣ ጨረቃ ደርሶ የመጣው የራስህ «ሃሎ» ይሰማሃል። ችግሩ የሚጠፋው ኃይል ብዛት ነው። አንቴናው ባይረዳ ኖሮ፣ በ144 ሜጋኸርዝ ከሚላከው ኃይል የሚመለሰው፣ ከ1 ቀጥሎ 25 ዜሮ ተጽፎ በዚያ ቁጥር የተካፈለውን ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ግዙፍ አንቴናዎች ወይም ብልህ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው። የኖቤል ተሸላሚ ያልኩት ሰው እዚህ ይመጣል። በ1993 በፊዚክስ የተሸለመው ጆ ቴይለር ከጩኸት በታች የተቀበረ ምልክት ቆፍሮ የሚያወጣ ፕሮግራም ለሐሞች ጻፈ፤ በነፃም ሰጠ። በእሱ ምክንያት ዛሬ በመኖሪያ ቤት ጓሮ በሚቆም አንቴና በጨረቃ በኩል መላላክ ይቻላል።

በ2009፣ የአፖሎ 11 40ኛ ዓመት ሊከበር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሐሞች ጁን 27ን ዓለም አቀፍ የጨረቃ ንጥረት ቀን ብለው አከበሩት። በካሊፎርኒያ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው ባለ 46 ሜትር ሳህንና በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለ 26 ሜትር ሳህን ለዚያ ቀን ወደ ጨረቃ ዞሩ። ሰው የተራመደባትን ጨረቃ ለማስታወስ ድምፅን እዚያው ድረስ ልኮ ማስመለስ፤ ከዚህ የሚቀርብ አከባበር አላውቅም።

ከኢትዮጵያ በላይ

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ሊመስል ይችላል። ግን ኢትዮጵያም በሐሞች ካርታ ላይ አለች። አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ አለው፤ የጥሪ ምልክቱ ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ነው። ተማሪዎች ማይክሮፎን ይዘው ዓለምን ያነጋገሩበት ቦታ ነው። ኢ-ቲ ማግኘት ለውጭ ሐሞች ደስታ ነው፣ ምክንያቱም ከአገራችን የሚሰማው ጣቢያ ጥቂት ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ከራሳችን በላይ ያለው ነው። ኳታር ኖቬምበር 15 ቀን 2018 ያስወነጨፈችው ኤስሄል 2 የተባለው የቴሌቪዥን ሳተላይት የአማተር ሬዲዮ ክፍል ተሰጥቶታል፤ ሐሞች ኦስካር 100 ይሉታል። ኦስካር ከሚባሉት የአማተር ሳተላይቶች ሁሉ ከምድር አንጻር ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ የሚቆመው የመጀመሪያው ይህ ነው። በምሥራቅ 25.9 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአናት ብዙም ሳይርቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብሎ። በ26 ዲግሪ ያለውን አረብሳት ለማየት ጣሪያ ላይ የተተከለ ሳህን ሁሉ ወደዚያው አቅጣጫ ያያል ማለት ነው። ያንኑ ሳህንና ያንኑ የሳህን አፍ ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ አያይዞ በ10,489 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ ሐሞች ሲያወሩ መስማት ይቻላል፤ በጠፈር በዓላት ሰሞን የመታሰቢያ ጣቢያዎችንም ጭምር። ሳህን የሌለው ሰው በእንግሊዝ አገር ጉንሂሊ በተባለው የሳተላይት ጣቢያ የተቀመጠውን መቀበያ በኢንተርኔት ከፍቶ ያደምጣል።

ሥዕል በጆሮ

በቀላል መሣሪያ የሚሰማውን ለመጨረሻ አቆየሁት። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የሐም ሬዲዮ አለ። እንደ ጋጋሪን በረራ ባሉ መታሰቢያዎች ሰሞን በተደጋጋሚ ጊዜ ለቀናት ተከፍቶ በ145.800 ሜጋኸርዝ ሥዕሎችን በድምፅ ይልካል። ሥዕል በድምፅ ማለት እንግዳ ይመስላል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ፎቶው እንደ ጥልፍ መስመር በመስመር ይነበባል። ጨለማው ነጥብ ወፈር ያለ ፉጨት፣ ብርሃኑ ቀጠን ያለ ፉጨት ይሆናል፤ ከ1500 ኸርዝ ጥቁር እስከ 2300 ኸርዝ ነጭ። መስመር ሲጀምር 1200 ኸርዝ ላይ አጭር ምልክት ይሰጣል። ቀለሞቹም በየተራ በዚሁ መንገድ ይላካሉ። ተቀባዩ ፉጨቱን ወደ ብርሃንና ጨለማ መልሶ ጥልፉን ይጠልፋል። አንድ ሥዕል 2 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

የሚያስፈልገው ይህን ፍሪኩዌንሲ የሚይዝ የእጅ ሬዲዮና ሥዕሉን የሚፈታ የስልክ አፕሊኬሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ ለማድመጥ ብቻ ፈቃድ አያስፈልግም። ማሰራጨት የሚችል ሬዲዮ ይዞ መገኘት ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅባቸው አገሮች ስላሉ ግን፣ ኢትዮጵያ ያለ ሰው መጀመሪያ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቆ ቢያረጋግጥ ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ነን እንበል። የጠፈር ጣቢያዋ ከሰሜን ምዕራብ ትመጣለች፤ ሰዓቷን ከኢንተርኔት አውቀዋል። ደጅ ወጥተው አንቴናውን ወደ ጎጃም በኩል ዘንበል ያደርጉታል። ሹሹታ ብቻ ነው። ገና ሱዳን፣ ሊቢያና ግብፅ በሚዋሰኑበት በረሃ ላይ ሳለች፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ሹሹታው ውስጥ እንደ ትንኝ ቀጭን ፉጨት ይገባል። በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትከንፍ ድምፁ በፍጥነት ይጠራል። ስልኩን ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ፊት ይይዙታል። ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጭን መስመር በመስመር ላይ ይደረደራል፤ መጀመሪያ ሰማያዊ ሰማይ፣ ከዚያ የራስ ቁር ጫፍ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ፈገግ ያለ ፊት። ውሻ ቢጮህ፣ መኪና ጥሩንባ ቢነፋ በሥዕሉ ላይ ሰንበር ሆኖ ይወጣል። አንቴናውን አላግባብ ያዞሩበት ቅጽበትም በነጠብጣብ ተመዝግቦ ይቀራል። ሰንበሩን አያጥፉት፤ የቀኑና የቦታው ማኅተም ነው።

ሥዕሉ አልቆ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ሁለተኛው ሲጀምር ጣቢያዋ አናት አልፋ ወደ ባሌ በኩል እየወረደች ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። የሥዕሉ የታችኛው ጠርዝ ሳይሞላ ሹሹታው ይውጠዋል፤ እሷ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ናት። ቀጣዩ ዙር ከ93 ደቂቃ በኋላ ነው፣ ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ።